አለቃን ማን ያስተምረው?

በየመሥሪያ ቤቱ ሦስት ዓይነት ወረቀት ይመላለሳል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጡት ደግሞ ሪፖርትና አቤቱታ ናቸው። ትእዛዙ «በአስቸኳይ እንዲፈጸም» ይላል፤ ሪፖርቱ «በተሰጠው መመሪያ መሠረት ተፈጽሟል» ይላል፤ አቤቱታው «በደል ደርሶብኛልና እንዲታይልኝ» ይላል። ከሦስቱ አንዱም ዕውቀት አይሸከምም። ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ፣ ባለጉዳይ ለአንድ ማኅተም ለምን ሦስት ቀን እንደሚመላለስ የሚያውቀው በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ሠራተኛ ነው። ይህን ዕውቀት ወደ አለቃው የሚያደርስ መንገድ ግን አልተሠራም። ስለዚህ አለቃው በተሾመበት ቀን በነበረው ዕውቀት እስከ ጡረታው ያዛል፤ የበታቹም የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ እስኪሾም ድረስ ይጠብቃል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። ሠራተኛ አለቃውን ሊያስተምር ይገባዋል እላለሁ። ይህም በአለቃው ደግነት ወይም በአጋጣሚ የሚሆን ሳይሆን ደንብ ወጥቶለት፣ ሰዓት ተወስኖለት፣ እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚቆጠር ይሁን። ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ለአለቃው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ሰው የሚያውቀውን ከእርሱ ለሚበልጥ ሰው ማስረዳት ሲኖርበት፣ ዕውቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነና የት ላይ እንደሚያልቅ ያን ጊዜ ይገባዋል። አለቃው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያስጨንቀውም ይማራል። የነገ ሥራ መሪ የሚበቅለው ከዚህ ዓይነቱ ልምምድ ነው፤ ፊርማ እስኪደርሰው ድረስ በዝምታ የቆየ ሰው ሲሾም የሚያውቀው ዝም ማሰኘትን ብቻ ነው።

በዛሬው ጊዜ ይህ ጉድለት ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ዕቅድ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ መዝገቡም ክፍያውም ግዥውም ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ኮምፒውተሩን አብልጦ የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ትናንት የተቀጠረው ወጣት እንጂ ባለ ፊርማው አይደለም። እንግዲህ በብዙ ቦታ የሚሆነው ይህ ነው፤ አለቃው የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ ሠንጠረዡን ወጣቱ ይሠራለታል፤ እርሱም «አትመህ አምጣልኝ» ብሎ በብዕር ይፈርማል። አለቃው አለማወቁ እንዳይገለጥበት ይሸፍናል፤ ወጣቱም ተፈላጊ ሆኖ የሚኖረው አለቃው ሳያውቅ ሲቀር መሆኑን ስለሚረዳ ሊያስተምረው አይቸኩልም። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል ማለት ነው። በዚህ ስምምነት አለቃው ያላየውን ያጸድቃል፤ ወጣቱም «የኮምፒውተሩ ልጅ» ተብሎ በዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ሒሳቡ ሲጎድል ማን ይጠየቃል? የፈረመው አላየም፤ ያየው አልፈረመም።

ይህ ዝምታ ከባህላችን የመጣ ስለ ሆነ አይነቀልም የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ያደገ ሰው በሃያ ሁለት ዓመቱ ለሥራ አስኪያጁ ምክር ሊሰጥ አይደፍርም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ተረት በየቢሮው ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁሉ የበለጠ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ነገር ግን ይኸው ባህል በሌላ በኩል «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል። የጥንት ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ማለት ከሹመት ተዋረድ ሁሉ በታች ያለ ልጅ ነው፤ ሜዳ ላይ ስለሚውል ግን ከቤተ መንግሥት የማይታየውን ያያል። በቤተ ክህነትም ትምህርት ቢሆን፣ በዜማ መምህር የተባለ ሰው ቅኔ ሊማር ሲሄድ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ የያዘው ማዕረግ ከመማር አያግደውም። ስለዚህ ባህላችን ሁለቱንም አውርሶናል። እኛ ግን ዝምታውን ጠብቀን ጥያቄውን ጣልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እረኛው ራሱ ተጠርቶ አልተጠየቀም፤ ያንጎራጎረውን ሌላ ሰው ሰምቶ ነው ያደረሰው። ዛሬም የበታች ሠራተኛ አስተያየት ወደ ላይ የሚደርሰው በሻይ ቤት ወሬ፣ በአሽሙርና በአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ቁልፉ ጠፍቶ አቧራ ሲጠጣ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እናየዋለን። እኔ የምለው እረኛው ወንበር ተሰጥቶት ይናገር ነው።

«የበታች የበላዩን እንዴት ያስተምራል? ከእርሱ ያነሰ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የኳስ አሠልጣኝን እንመልከት። አሠልጣኙ በሜዳው ላይ ከአጥቂው የተሻለ ሮጦ ጎል የሚያገባ ሆኖ አይደለም የሚያሠለጥነው። ተጫዋቹ ራሱን ሊያይ በማይችልበት ቦታ ቆሞ ስለሚያየው ነው። አለቃም እንዲሁ ነው። ስብሰባ ሲመራ ማንን እንደሚያቋርጥ፣ የጻፈው ደብዳቤ ከታች ሲደርስ እንዴት እንደሚተረጐም፣ «ነገ ተመለሱ» ያለው ቃል በመስኮቱ በኩል ምን እንደሚያስከትል እርሱ ራሱ አያየውም። የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ለማስተማር መብለጥ አያስፈልግም፤ አለቃው ከማያይበት ቦታ ሆኖ ማየት ይበቃል።

የበታች ዝምታ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከአየር በረራ ሥራ የበለጠ ያሳየ የለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ የተንደረደረው የሆላንዱ የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን አዛዥ ተራ ሰው አልነበረም፤ የድርጅቱን አብራሪዎች የሚያሠለጥን የታወቀ ሰው ነበር። ከበስተኋላው የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣ ይሆናል ብሎ ተጠራጥሮ ጠየቀ። አዛዡ ግን መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ነገሩን አልደገመም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ የአሜሪካው የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በፖርትላንድ ከተማ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። አዛዡ በማረፊያው ጎማ ጉዳይ አሳቡ ተይዞ አንድ ሰዓት ያህል ሲያንዣብብ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን አጠገቡ የነበሩት ረዳቶቹ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን አዛዡን ከአሳቡ በሚያነቃ ቃል አልተናገሩም።

ከዚህ በኋላ ምን ተደረገ? የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጉዳዩን አስመከረ። ዩናይትድ አየር መንገድም በ1981 አዲስ ትምህርት ጀመረ፤ ይህ ትምህርት ዛሬ በዓለም ላይ ከአብራሪነት ሥልጠና አንዱ ክፍል ሆኗል። በትምህርቱ ረዳቱ ያየውን ግልጥ አድርጎ እንዲናገር፣ ካልተሰማም ቃሉን አጠንክሮ እንዲደግም ይሠለጥናል። አዛዡ ደግሞ እንዲጠይቅና እንዲሰማ ይሠለጥናል። ሁለቱም መሠልጠናቸውን ልብ በሉ። የበታቹን ብቻ «ደፍረህ ተናገር» ማለት ጆሮ ለሌለው ሰው እንዲጮኽ መላክ ነው፤ አለቃውን ብቻ «ስማ» ማለትም ለሚያንሾካሽክ ሰው ጆሮ መስጠት ነው። አዛዡ በዚህ ምክንያት አዛዥነቱ አልቀረበትም፤ የመጨረሻው ውሳኔ ዛሬም የእርሱ ነው። በቢሮ የሚደረግ ስሕተት በአንድ ደቂቃ ሰው ስለማይገድል፣ እኛ ዘንድ ዝምታው ለብዙ ዓመት ተቻችሎ ይኖራል።

በንግዱም ዓለም ምሳሌ አይጠፋም። የአሜሪካው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሪ የነበሩት ጃክ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. 500 ያህል ከፍተኛ ሹማምንታቸው እያንዳንዳቸው ኢንተርኔትን የሚያስተምራቸው ወጣት ሠራተኛ እንዲፈልጉ አዘዙ፤ ራሳቸውም አንዲት ወጣት ሠራተኛ አስተማሪ ይዘው ተማሩ። ትእዛዙ የተከበረው ዋናው ሰው ራሳቸው ተማሪ ሆነው ስለ ተቀመጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ትምህርቱ በመሣሪያው አጠቃቀም ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባልጠቀመ ነበር። አለቃ የመሣሪያውን ቁልፍ መጫን ተምሮ ሰው የሚይዝበትን ጠባይ ካላሻሻለ የተማረው ጥቂት ነው። ከዚህ ጠለቅ ያለው የጃፓኑ የቶዮታ ልማድ ነው። የቶዮታ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካውን የፎርድ ፋብሪካ ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ በ1951 ሠራተኛው ሥራውን ስለ ማሻሻል አሳብ የሚያቀርብበትን ደንብ አቆሙ። ከጊዜ በኋላም በመገጣጠሚያው መሥመር አጠገብ ገመድ ዘረጉ። ተራው ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ የቡድኑ መሪ ወዲያው ይመጣል፤ ጉድለቱ በጊዜው ካልተስተካከለም መሥመሩ ይቆማል። መሪው የሚመጣው ሊቆጣ ሳይሆን ጉድለቱን ከሠራተኛው ሊማር ነው።

ይህ የጃፓን አሠራር ካይዘን በሚባል ስም ወደ አገራችንም ገብቷል። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ርዳታ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሥራው በብዙ ፋብሪካ የባከነውን ቦታና ዕቃ በሥርዓት አስይዟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በብዙ ቢሮ ውስጥ ከካይዘን የተረፈው በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ስም ነው። ፋይሉ ቦታውን አወቀ፤ የበታቹ ጥያቄ ግን ቦታ አላገኘም። ከአሠራሩ ለአለቃ የሚመቸውን ቅርፊት ወስደን ለአለቃ የሚከብደውን ፍሬ ተውነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንምጣ። «ሠራተኛ አለቃውን ያርም» ሲባል ብዙ ታላላቆቻችን ፊታቸው ይለወጣል፤ እውነትም አላቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ግምገማ ተብሎ፣ የበታች የበላዩን በስብሰባ ላይ እንዲነቅፍ የተደረገበትን ዘመን አይተዋል። በስሙ ሲታይ ማለፊያ ነገር ይመስል ነበር። በተግባር ግን ስንቱ ቂሙን በግምገማ ተወጣ? ስንቱስ አስቀድሞ የተዘጋጀለትን ቃል ተነሥቶ ተናገረ? ስንቱ ቅን ሰው በጉባኤ መካከል ተዋርዶ ሥራውን ለቀቀ? የነቀፈውም ሰው ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የእርሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከዚህ ያተረፍነው ቅንነትን ሳይሆን ጥርጣሬን ነው። ስለዚህ የዛሬው ሠራተኛ «አስተያየት ስጥ» ሲባል መጀመሪያ የሚፈልገው ማስታወሻ የሚይዘውን ሰው ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን መለየት ያስፈልጋል። ግምገማ በጉባኤ ፊት ይደረጋል፤ ትምህርት በሁለት ሰዎች መካከል ይደረጋል። ግምገማ ስለ ሰውየው ጥፋት ይጠይቃል፤ ትምህርት ስለ ሥራው ይጠይቃል። የግምገማ ፍጻሜ ማስጠንቀቂያ ወይም ከወንበር መነሣት ነው፤ የትምህርት ፍጻሜ ግን ሰውየው በወንበሩ ላይ ሆኖ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ መቻሉ ነው። ይህን ልዩነት የማይጠብቅ መሥሪያ ቤት ነገሩን ባይጀምረው ይሻላል።

ሌሎችም ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ወጣቶች ምን ያውቃሉ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አንድ ዓመት የሠራ ወጣት በጀት ለምን እንደ ተቀነሰ፣ ዛሬ አዲስ ብሎ የሚያቀርበው አሳብ ከዐሥር ዓመት በፊት ተሞክሮ ለምን እንደ ወደቀ አያውቅም። ስለዚህ ማስተማር ያለበት በእጁ የሚሠራውን ነው። ደግሞም ሲያስተምር አለቃው «ይህ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ በየትኛውም የሥልጠና አዳራሽ የማይገኝ ትምህርት ወጣቱ ያገኛል። ሁለተኛው «ሥልጣን ይናቃል» የሚለው ነው። ሠራተኛ የሚንቀው የማያውቅ አለቃን ሳይሆን የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል አለቃን ነው፤ ይህን ሻይ ቤት ተቀምጦ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን ውዳሴ ነው። ለሹም አስተማሪ ተብሎ የተመረጠ ሰው ሹሙን ማሞገስ ይጀምራል፤ ወይም ወሬ አቀባይ ይሆናል፤ ከጓደኞቹም ይለያል። ይህ አደጋ በምክር አይወገድም፤ በደንብ ብቻ ይወገዳል።

ደንቡም ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ አስተማሪው ሠራተኛ ከአለቃው ከራሱ ክፍል አይሁን፤ የዓመት ሥራ ውጤቱን የሚሞላለት፣ ዕድገቱንም የሚፈርምለት ሰው ከሆነ እውነቱን አይነግረውም። ሁለተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን፤ ከሥራ በኋላ የሚደረግ ከሆነ ሸክሙ በበታቹ ላይ ይወድቃል፤ ልጅ የሚጠብቃቸው እናቶችም ከዚህ ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። ጉዳዩን አለቃው ራሱ ያምጣው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙም ምን እንደ ሞከረና ምን እንደ ከበደው ይናገር። አራተኛ፣ የተነገረው ነገር በማንም የግል ማኅደር ውስጥ አይግባ። የሠራተኛው የማስተማር ሰዓት ግን ተቆጥሮ ለዕድገቱ ይታሰብለት፤ ሌላውን ማብቃት ሥራ መሆኑ በወረቀት ካልታወቀ ማንም አይደክምበትም። አምስተኛ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ሹም ይጀምር። እርሱ ሳይማር ክፍል ኀላፊዎቹን «ተማሩ» ቢላቸው ነገሩ እንደ ሌላው ሰርኩላር ተነብቦ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ጓደኞች፣ ይህ ነገር ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ እንዳይመስለን። እኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በየወረዳው፣ በየባንኩ፣ በየትምህርት ቤቱ የበታች ሆነን እንገባለን። ከዚያም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ብዙዎቻችን አለቆች እንሆናለን። በሁለቱም ወንበር ላይ የምንሠራውን ዛሬ ካልተለማመድነው ያን ጊዜ አይመጣልንም። መለማመጃውም እዚሁ በእጃችን አለ። ይህ ማኅበር ሊቀ መንበር አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ የምግብ ቤትና የመኝታ ቤት ኮሚቴዎች አሉት። እያንዳንዱ የኮሚቴ ሰብሳቢ ከእርሱ ኮሚቴ ውጭ የሆነ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይዞ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት እንዲቀመጥ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አሳብ ይቅረብ። የምግብ ቤቱ ሰልፍ የት ላይ እንደሚቆም፣ ማስታወቂያችን ለማን እንደማይደርስ፣ ስብሰባችን ላይ ከሴቶች ተማሪዎች ብዙዎቹ ለምን እንደማይናገሩ ከዚያ ልጅ የበለጠ ለሰብሳቢው የሚነግረው የለም። ሙከራው አንድ መንፈቅ ይቆይ፤ ካልረባ ይተው።

ወደ ሥራ ስንገባም በመጀመሪያው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ ጉድለት ለመዘርዘር አንቸኩል። የተማረ ሰው በዚህ ይታማል፤ ሐሜቱም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ሦስት ወር እንይ፤ አንዲት ነገር እንያዝ፤ ያችን ነገር አሳምረን እንወቃት፤ ከዚያ በኋላ «ጌታዬ» ወይም «እመቤቴ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ ይህን ላሳይዎ እወዳለሁ» ብለን እንጠይቅ። የምንከለከልበት ቀን ብዙ ነው። የሚፈቀድልን ቀን ግን እርሳቸውም እኛም አንድ ነገር ተምረን እንወጣለን። ተራው ደርሶ እኛ በወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ደግሞ በሩን የሚያንኳኳው ልጅ ምን እንደ ጨነቀው ስለምናውቅ፣ እስኪያንኳኳ ሳንጠብቅ እኛው እንጥራው።